ሰርቨርን ከሩቅ ለማስተዳደር የቱ ይሻላል? አይድራክ፣ አይሎ፣ ኤክስሲሲና ሱፐርማይክሮ ሲነጻጸሩ

ሰርቨር ሲመረጥ ወሬው ሁሉ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ሜሞሪና ስለ ዲስክ ነው። ማሽኑን ከሩቅ የምንቆጣጠርበት ክፍል በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፤ ብዙ ሰውም ዘሎት ያልፋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ሰርቨሩ ሪስታርት ተደርጎ ሳይነሳ ይቀራል። ፒንግ አይመልስም። ኤስኤስኤች (ከሩቅ በትእዛዝ የሚገባበት መንገድ) አይገባም። ማሽኑ ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ሌላ አገር። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማየት ትችሉ እንደሆነ የምትወስነው ያቺ የተዘለለች መስመር ናት።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው በዚያ ሌሊት ዓይን ነው። የአምራቾቹ ብሮሹር የሚደረድራቸው ገጽታዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን በዓመት አንዴም አትነኳቸውም። ማሽኑ ሲወድቅ ግን የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ስክሪኑን ማየት፣ ማጥፋትና ማብራት፣ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ መግባት፣ ከሌላ ዲስክ ማስነሳት፣ የብልሽቱን ሎግ ማንበብ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ቢኤምሲ የሚባለው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው። የኤሌክትሪክ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ዋናው ሰርቨር ጠፍቶም እሱ ይሠራል። ሙቀት ይለካል፣ ፋን ይቆጣጠራል፣ ብልሽት ይመዘግባል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀድቶ በኔትወርክ ይልካል። ዴል አይድራክ ይለዋል፣ ኤችፒኢ አይሎ፣ ሌኖቮ ኤክስክላሪቲ ኮንትሮለር ባጭሩ ኤክስሲሲ፣ ሲስኮ ሲአይኤምሲ። የሱፐርማይክሮ ተጠቃሚዎች በልማድ አይፒኤምአይ እያሉ ይጠሩታል፤ ስሙ ግን በእውነት ከየትኛውም አምራች ቢኤምሲ ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ስታንዳርድ ነው።

ሦስቱ መግቢያዎች

አንድን ሰርቨር ለማዋቀር ሦስት መግቢያ አለ። የመጀመሪያው ማሽኑ ሲነሳ ቁልፍ ተጭኖ የሚገባበት ሜኑ ነው። ዴል ላይ ኤፍ2 የሲስተሙን ቅንብር፣ ኤፍ10 ላይፍሳይክል ኮንትሮለርን፣ ኤፍ11 የቡት ምርጫውን ይከፍታል። ኤችፒኢ ላይ ኤፍ9 ሲስተም ዩቲሊቲስን፣ ኤፍ10 ኢንተለጀንት ፕሮቪዥኒንግን፣ ኤፍ11 የቡት ሜኑን ይከፍታል። ሌኖቮ ላይ ኤፍ1፣ ሱፐርማይክሮ ላይ ዲሊት ነው። ሲስኮ ላይ ኤፍ2 ወደ ባዮስ፣ ኤፍ8 ወደ ሲአይኤምሲ ቅንብር ያስገባል።

ሁለተኛው መግቢያ ራሱ ቢኤምሲው ነው፤ በብሮውዘር፣ በኤስኤስኤች ወይም በስክሪፕት። ሦስተኛው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የሚሠራ የትእዛዝ መሣሪያ ነው። ዴል ራክአድም አለው፣ ኤችፒኢ አይሎሬስት፣ ሌኖቮ ዋንሲኤልአይ። ለሁሉም የሚያገለግለው ደግሞ ሊኑክስ ላይ የታወቀው አይፒኤምአይቱል ነው።

እኔ የምመክረው ክፍፍል ይህ ነው። ኪቦርዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ለቢኤምሲው አድራሻና የይለፍ ቃል ለመስጠት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በቢኤምሲው በኩል ሥሩ። ቁልፍ የመጫን ጨዋታ ከሩቅ አድካሚ ነው። ሰርቨር ሜሞሪውንና ካርዶቹን ፈትሾ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ኤፍ2ን የሚቀበልባት ጊዜ ግን አጭር ናት። ካመለጠቻችሁ እንደገና ሪስታርት፣ እንደገና መጠበቅ። ይህን ችግር ቢኤምሲው ያስቀረዋል። አይድራክ ላይ ቀጣዩን ቡት ወደ ባዮስ ቅንብር እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ አይሎም የአንድ ጊዜ ቡት ምርጫ አለው፤ በአይፒኤምአይም ቢሆን አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች። አዛችሁ ሪስታርት ታደርጋላችሁ፤ ስትመለሱ ሜኑው ተከፍቶ ይጠብቃችኋል።

ሦስተኛው መግቢያ፣ ከውስጥ የሚሠራው፣ ዋና ጥቅሙ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ነው። ሊኑክሱ እየሠራ ከሆነና ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ከሆናችሁ፣ በአይፒኤምአይቱል የቢኤምሲውን የይለፍ ቃል የድሮውን ሳታውቁ መቀየር ትችላላችሁ። ሪስታርት አያስፈልግም። በተቃራኒው ደግሞ ሰርቨሩን ሰብሮ ሩት የሆነ አጥቂም ይህንኑ በር ያገኛል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አጥፍታችሁ ብትጭኑትም እሱ ቢኤምሲው ውስጥ የከፈተው አካውንት ይቀራል። አይድራክ ከውስጥ የሚደረግን ለውጥ የሚዘጋ ቅንብር አለው። አይሎ 5ና ከዚያ በኋላ የመጡትም ከውስጥ ለሚመጣ ትእዛዝ የይለፍ ቃል የሚጠይቁ የደህንነት ደረጃዎች አሏቸው። ሰርቨሩን ለሌላ ሰው የምታከራዩ ከሆነ ይህ ቅንብር ለምርጫችሁ ወሳኝ ነው።

ላይሰንሱን ሳታዩ አትግዙ

ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ሁሉም አምራቾች "የርቀት ኮንሶል አለን" ይላሉ። እውነት ነው፣ አላቸው። ጥያቄው በእጃችሁ ባለው ላይሰንስ ይከፈታል ወይ ነው።

ዴል አይድራክ 9ን ቤዚክ፣ ኤክስፕረስ፣ ኢንተርፕራይዝና ዳታሴንተር ብሎ ከፍሎታል። በራክ (በመደርደሪያ ውስጥ የሚገባ) ሰርቨር ላይ ስክሪኑን ከሩቅ ለማየትና አይኤስኦ (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የሆነ ፋይል) ለማገናኘት ኢንተርፕራይዝ ያስፈልጋል። ኤክስፕረስ ያለው ሰው የሙቀት መጠኑን፣ ሎጉንና የማብሪያ ማጥፊያውን ያገኛል። ስክሪኑን ግን አያገኝም። ላይሰንሱ ከማሽኑ ሰርቪስ ታግ (መለያ ቁጥር) ጋር የታሰረ ነው፤ ከአንዱ ሰርቨር ወስዳችሁ ለሌላው አትሰጡትም።

የኤችፒኢ አካሄድ ትንሽ ያሳስታል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ስታንዳርድ አይሎ በራክና በታወር ሰርቨሮች ላይ ኮንሶሉን የሚያሳየው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው። ስታዋቅሩት ባዮሱ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስላል። ሊኑክሱ ወይም ዊንዶውሱ መነሳት ሲጀምር ኮንሶሉ ይቋረጥና ላይሰንስ ይጠይቃል። ብዙ ችግር የሚፈጠረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ የፋይል ሲስተም ስህተት፣ የተበላሸ ድራይቨር፣ የተሳሳተ የኔትወርክ ቅንብር። ስለዚህ ኤችፒኢ የምትገዙ ከሆነ አይሎ አድቫንስድን የሰርቨሩ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። የላይሰንስ ቁልፉንም ማሽኑ ውስጥ ብቻ አትተዉት። አይሎን ወደ ፋብሪካ ቅንብር ስትመልሱት ከተጠቃሚዎቹ ጋር ላይሰንሱም ይሰረዛል።

ሌኖቮ በመጀመሪያው ኤክስሲሲ ላይ ስታንዳርድ፣ አድቫንስድና ኢንተርፕራይዝ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ ስክሪኑ ከስታንዳርድ በላይ ይፈልጋል። በኤክስሲሲ 2 ደረጃዎቹ ስታንዳርድና ፕላቲነም ሆነዋል። ከመግዛታችሁ በፊት በዚያው ሞዴል ላይ የቱ ምን እንደሚከፍት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ።

ሱፐርማይክሮ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ኮንሶሉም አይኤስኦ ማገናኘቱም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ክፍት ናቸው። ላይሰንስ የሚጠይቀው ባዮሱን በቢኤምሲው በኩል ማደስና የመሳሰሉት ናቸው። ጥቂት ማሽን ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የድረ ገጹ መልክ ከአይድራክና ከአይሎ ጋር ሲተያይ ደረቅ ነው። ያቺ ክፉ ሌሊት ስትመጣ ግን ስክሪኑን ያሳያችኋል፣ እና እኔ ከመልኩ ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያገለገለ ሰርቨር ለሚገዙ ይጠቅማል። ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የተጫነውን ፕሮግራም) ማግኘትም ከአምራች አምራች ይለያያል። ዴልና ሱፐርማይክሮ ባዮሱንና የቢኤምሲውን ፈርምዌር ድረ ገጻቸው ላይ ለማንም ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉ። ኤችፒኢ ከ2014 ጀምሮ የሰርቨሩን ባዮስና ሙሉውን የአፕዴት ጥቅል ለማውረድ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ይጠይቃል። የአይሎው ፈርምዌር ራሱ ከዚህ ውጭ ነው፤ በነፃ ይወርዳል። ዋስትናው ያለቀ የኤችፒኢ ማሽን በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ቀን

ማሽኑ ከካርቶን ሲወጣ ቢኤምሲው የት ነው ያለው? ዴል በቆየ ልማዱ 192.168.0.120 ላይ ያስቀምጠዋል። ሌኖቮ መጀመሪያ አድራሻ ከዲኤችሲፒ (ኔትወርኩ ላይ አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) ይጠይቃል፤ ካላገኘ 192.168.70.125 ላይ ይቀመጣል። ኤችፒኢ፣ ሱፐርማይክሮና ሲስኮ ከዲኤችሲፒ ይወስዳሉ።

የይለፍ ቃሉን በተመለከተ የድሮዎቹ ማሽኖች ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነበራቸው። ዴል ሩት እና ካልቪን። ሱፐርማይክሮ አድሚን እና አድሚን። ሲስኮ አድሚን እና ፓስወርድ። ሌኖቮ ዩዘርአይዲ እና ፓስወርድ፣ በኦ ፊደል ቦታ ዜሮ አስገብቶ። ከእነዚህ የተለየው ኤችፒኢ ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ቃል በሚጎተት ትንሽ ታግ ላይ ያትማል። በ2020 መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ሕግ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች የተለየ የይለፍ ቃል እንዲኖራቸው ማስገደድ ሲጀምር ሱፐርማይክሮም ወደዚህ ተሻገረ። አሁን ቃሉ ማሽኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። ማሽኑን ራክ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ያን ወረቀት ፎቶ አንሱት። አንዴ ከገባና ገመዱ ሁሉ ከተሰካ በኋላ ማንበቡ መከራ ነው።

አሁን ወደ ኔትወርክ ፖርቱ። ቢኤምሲው በራሱ ለብቻው በተሰጠ ፖርት ወይም ከዋናው ሰርቨር ጋር በሚጋራው ፖርት ሊወጣ ይችላል። የጋራው አንድ ገመድና አንድ የስዊች ፖርት ያተርፋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ የራሱን ቢኤምሲ በዚያው ፖርት አያገኘውም። የቪላን (የኔትወርክ ክፍፍል) ስህተት ስትሠሩም ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ለብቻው የሆነውን ምረጡ፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ሱፐርማይክሮ ላይ ደግሞ ልብ ልትሉት የሚገባ ባሕርይ አለ። ከፋብሪካ ሲመጣ ፌልኦቨር በሚባለው አሠራር ላይ ነው። ቢኤምሲው ሲነሳ በራሱ ፖርት ላይ ገመድ ካላገኘ ወደ መጀመሪያው የሰርቨሩ ፖርት ይሻገራል። ያ ፖርት በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ከሆነ የማሽናችሁ ቁልፍ ሳታውቁት አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ቅንብሩን "ዴዲኬትድ" ወደሚለው ቀይሩት። ይህን በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

አይፒኤምአይ ወይስ ሬድፊሽ

ብሮውዘሩ ለአንድ ሁለት ማሽን ይበቃል። ማሽኖቹ ሲበዙ ወይም ሥራውን በስክሪፕት ስትሠሩ ሁለት ቋንቋ አለ።

አይፒኤምአይን ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒና ኤንኢሲ በ1998 አወጡት። እትም 2.0 የ2004 ነው። በዩዲፒ 623 ይሠራል። ጥንካሬው በሁሉም ቦታ መኖሩ ነው፤ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ የየትኛውም አምራች ይሁን፣ ማሽኑን አብራ፣ አጥፋ፣ ሙቀቱን ንገረኝ ብትሉት ይመልሳል። የስክሪኑን ጽሑፍ በኔትወርክ የሚያመጣው ሲሪያል ኦቨር ላን የሚባለው አሠራርም ከዚሁ ይገኛል። ሊኑክሱ ኮንሶሉን ወደ ሲሪያል እንዲልክ ካዋቀራችሁት፣ የስክሪን ላይሰንስ በሌላቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ከችግር ያወጣችኋል። በደካማ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ የሚያልፈው ጽሑፍ ብቻ ነውና።

ድክመቱ ደግሞ ከባድ ነው። በእትም 2.0 አሠራር መሠረት ቢኤምሲው የሚጠይቀውን ሰው ማንነት ከማረጋገጡ በፊት የይለፍ ቃሉን ሃሽ (ከቃሉ የተሰላ አሻራ) ይልክለታል። የተጠቃሚ ስም የሚያውቅ ማንም ሰው ሃሹን ወስዶ በራሱ ማሽን ላይ በእርጋታ ሊሰብረው ይችላል። ይህ የአንድ አምራች ስህተት አይደለም፤ ስታንዳርዱ ራሱ እንደዚያ ተጽፏል። ስለዚህ በፈርምዌር አፕዴት አይድንም። የይለፍ ቃሉ ርዝመትም ከ20 ባይት አያልፍም። ሳይፈር ዜሮ የሚባለው ምርጫ ክፍት ከሆነማ ያለ ትክክለኛ የይለፍ ቃልም ይገባል።

ሬድፊሽን ዲኤምቲኤፍ የተባለው የስታንዳርድ ድርጅት በ2015 አወጣው። በኤችቲቲፒኤስ ይሄዳል፣ መልሱን በጄሰን ይሰጣል። ስለዚህ የዌብ ኤፒአይ የነካ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ባዮሱን መቀየር፣ ተጠቃሚ መጨመር፣ ፈርምዌር ማደስ፣ አይኤስኦ ማገናኘት ሁሉ ይቻላል። ስታንዳርድ ነው ማለት ግን ሁሉም ጋ አንድ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሰርቨሩ ራሱ በዝርዝሩ ውስጥ የሚጠራበት መለያ ኤችፒኢ ላይ 1 ብቻ ነው፤ ዴል ላይ ሲስተም ኢምቤድድ 1 የሚል ረጅም ስም ነው። ለአንዱ የተጻፈ ስክሪፕት ሌላው ላይ የሚወድቀው እንዲህ ባለ ነገር ነው። መለያውን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፉት፤ መጀመሪያ ዝርዝሩን ጠይቃችሁ ከመልሱ ውሰዱ። የባዮስ ለውጥም ወዲያው አይሠራም። ለውጡ በተጠባባቂነት ይቀመጥና ቀጣዩ ሪስታርት ላይ ይተገበራል። ስክሪፕታችሁ "ተሳክቷል" የሚል መልስ አግኝቶ ባዮሱ ያው ሆኖ ካገኛችሁት መጀመሪያ ይህን አስቡ።

አዲስ ማሽን ካላችሁ ሬድፊሽን ተጠቀሙና አይፒኤምአይን በኔትወርክ በኩል ዝጉት። አሮጌ ማሽን ካላችሁ አይፒኤምአይን ከመጠቀም ውጭ ምርጫ የለም፤ ያኔ በተዘጋ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ይሁን።

አይኤስኦን ከሩቅ ማስነሳት

ይህን ክፍል በቅርበት እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰቃየው እዚህ ነው። ሰርቨሩ አይነሳም። ኮንሶሉን ከፈታችሁ፣ ከላፕቶፓችሁ አንድ የሊኑክስ አይኤስኦ በቨርቹዋል ሚዲያ አገናኛችሁ፣ ሪስታርት አደረጋችሁ። ሜኑው መጣ። ጫን አላችሁት። ከዚያ ጥቁር ስክሪን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ተበላሽቷል ብላችሁ ልታጠፉት ትላላችሁ።

አልተበላሸም። ሰርቨሩ ዩኤስቢ ላይ ያለ ዲስክ እንደሚያነብ ያስባል። በእውነት ግን የሚያነባት እያንዳንዷ ቁራጭ ከላፕቶፓችሁ ተነስታ፣ በቪፒኤናችሁ አልፋ፣ በቢኤምሲው ደካማ ፕሮሰሰር በኩል ትደርሳለች። ብዙ ጊጋባይት ያለው አይኤስኦ በዚህ መንገድ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መሃል ላይ ላፕቶፑ ከተኛ ወይም ዋይፋዩ ከተቆረጠ ጭነቱ ይበላሻል።

መፍትሔው አይኤስኦውን ከሰርቨሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። አይድራክም አይሎም ኤክስሲሲም ከኔትወርክ ላይ ያለ ፋይል በቀጥታ ማገናኘት ይችላሉ፤ እንደ ሞዴሉ በኤችቲቲፒ፣ በኤንኤፍኤስ ወይም በዊንዶውስ ሼር። እዚያው ኔትወርክ ውስጥ አንድ ትንሽ የፋይል ሰርቨር ካዘጋጃችሁ ላፕቶፓችሁ ከጨዋታው ይወጣል። ያ ካልተቻለ ከኔትወርክ የሚጭነውን ትንሹን አይኤስኦ ተጠቀሙ፤ የቀረውን ሰርቨሩ በራሱ ፈጣን መስመር ያወርዳል።

የድሮ ማሽን ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ያኔ የነበሩት ኮንሶሎች ጃቫ ይፈልጋሉ። ክሮም የጃቫ ፕለጊንን መደገፍ በ2015 አቁሟል። ከተቻለ ፈርምዌሩን ኤችቲኤምኤል5 ወደሚደግፈው እትም አሳድጉ። ካልተቻለ አሮጌ ጃቫና አሮጌ ብሮውዘር ያለበት አንድ ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጁና ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። ያገለገለ ሰርቨር ስትመርጡ ይህ ብቻውን አንድን ትውልድ ለመዝለል በቂ ምክንያት ነው።

ብዙ ማሽን ሲሆን

ሃያ ማሽን አንድ ዓይነት ይሁን ካላችሁ ዴል እዚህ ጋ ይቀድማል። ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ፕሮፋይል የሚባል አሠራር አለው። አንዱን ማሽን በጥንቃቄ ታዋቅራላችሁ። ባዮሱን፣ ሬይዱን (የዲስኮቹን ቅንጅት)፣ የኔትወርክ ካርዱንና አይድራኩን በሙሉ በአንድ የኤክስኤምኤል ወይም የጄሰን ፋይል ታወጣላችሁ። ያንን ፋይል ለሌሎቹ ትሰጣላችሁ። ጥንቃቄ የሚፈልገው የሬይዱ ክፍል ነው፤ ዳታ ያለበት ማሽን ላይ ሳታዩ ብታስገቡት ዲስኩን ሊያጠፋ ይችላል። ፋይሉን ከፍታችሁ የማትፈልጉትን ክፍል ቁረጡ።

ኤችፒኢ የራሱ ጥሩ ነገር አለው። ከጄን 10 ትውልድ ጀምሮ ባዮሱ ውስጥ ወርክሎድ ፕሮፋይል የሚባሉ ዝግጁ ምርጫዎች አሉ። ቨርቹዋላይዜሽን ወይም ዝቅተኛ መዘግየት የሚለውን ስትመርጡ ከኋላ ያሉት የኃይልና የፕሮሰሰር ቅንብሮች አብረው ይስተካከላሉ። የባዮስ ሜኑ ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ እፎይታ ነው። የሁሉም አምራቾች ትልልቅ ማዕከላዊ ፕሮግራሞች፣ የዴል ኦፕንማኔጅ ኢንተርፕራይዝ፣ የኤችፒኢ ዋንቪው፣ የሌኖቮ ኤክስክላሪቲ አድሚኒስትሬተር፣ ማሽኖቹ ሁሉ የአንድ አምራች ሲሆኑ ይጠቅማሉ። ከተቀላቀሉ በሬድፊሽና አንሲብል በሚባለው የብዙ ማሽን ማዋቀሪያ መሣሪያ መሥራት ይቀላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ የቡት አሠራሩን፦ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ወይስ የድሮው። ከጫናችሁ በኋላ ብትቀይሩት ማሽኑ አይነሳም። ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ። "ወደ ነበረበት ተመለስ" የሚለው ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው። የቢኤምሲውን ሰዓትም ከኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ከሚያስተካክለው አገልግሎት) ጋር አገናኙት፤ የተሳሳተ ሰዓት ያለው ሎግ ምርመራን ያበላሻል።

ደህንነት፣ ያለ ማድበስበስ

ቢኤምሲን የያዘ ሰው ማሽኑን ይዟል። ዲስክ ይቀይራል፣ ያስነሳል፣ ያጠፋል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ያለው ፋየርዎል አያየውም። አይሎ 4 ላይ ከ2.53 በፊት በነበረው ፈርምዌር በ2017 የተገለጸው ክፍተት 29 የኤ ፊደል በአንድ የኤችቲቲፒ ራስጌ ውስጥ በመላክ ብቻ የይለፍ ቃሉን ያሳልፍ ነበር። በ2018 ጃንግልሴክ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በአይፒኤምአይ በኩል ሰርቨሮች ውስጥ ገብቷል። በ2025 የብዙ አምራቾች ቢኤምሲ በሚመሠረትበት የኤኤምአይ ሜጋራክ ፈርምዌር ላይ በሬድፊሹ በኩል ማንነትን ሳያረጋግጡ የሚያስገባ ክፍተት ይፋ ሆነ፤ የክብደት ደረጃውም 10 ከ10 ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ውሳኔ በአምራች አይለያይም። ቢኤምሲው በራሱ ቪላን ውስጥ ይሁን። ወደዚያ የሚገባው በቪፒኤን ብቻ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ለአንድ ቀንም አታውጡት፤ "ለጊዜው ነው" ተብሎ የወጣ ረስተውት እዚያው ይቀራል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ የመጀመሪያው ሥራችሁ የላይሰንስ ቁልፉን መዝግቦ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስና ፈርምዌሩን ማደስ ይሁን።

ቢኤምሲው ራሱ ሲደነዝዝስ? ያጋጥማል፤ ድረ ገጹ አይከፈትም፣ ሰርቨሩ ግን በሰላም ይሠራል። ቢኤምሲውን ብቻ ሪስታርት ማድረግ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አይነካም። ከሊኑክስ ውስጥ በአይፒኤምአይቱል ማዘዝ ይቻላል። ማሽኑ አጠገብ ያለ ሰው ካለ ዴል ላይ የመለያ መብራቱን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

ቢኤምሲ የሌለው ማሽን

ተራ ኮምፒውተርን እንደ ሰርቨር ለሚጠቀሙ ሁለት አማራጭ አለ። የኢንቴል ቪፕሮ ያላቸው ማሽኖች ኤኤምቲ አላቸው፤ ማብራት፣ ማጥፋትና በብዙዎቹ ላይ ስክሪኑን ማየትም ይቻላል። ካልሆነ ከውጭ የሚገናኝ አይፒ ኬቪኤም አለ፤ በራስበሪ ፓይ ላይ የሚሠራው ፓይኬቪኤም የታወቀው ክፍት አማራጭ ነው። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና አይኤስኦውን ይሰጣችኋል። የሜሞሪና የፓወር ሰፕላይ ብልሽት ሎግ ግን ከእሱ አትጠብቁ። ላይሰንስ የሌለው አሮጌ ሰርቨር ላይም ይሠራል፤ ለአንድ ማሽን ብቻ ከሆነ ይህን ከላይሰንሱ ዋጋ ጋር አወዳድሩት።

እንግዲህ የቱን?

አንድ እስከ አምስት ማሽን ላለውና ለላይሰንስ መክፈል ለማይፈልግ ሰው ሱፐርማይክሮን እመርጣለሁ። ማሽኖቹ ብዙ ከሆኑና አንድ ዓይነት መሆን ካለባቸው ዴልን ከኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ ጋር። የድጋፍ ውል ላለውና ባዮስ መነካካት ለማይወድ ቡድን ኤችፒኢን ከአይሎ አድቫንስድ ጋር፤ ያለ ውል ግን አልመክርም። ሌኖቮ ጥሩ ማሽን ነው፤ ላይሰንሱ ግልጽ ሆኖ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ እስከተጻፈ ድረስ። ያገለገለ ከሆነ የዴል ነፃ ፈርምዌር ሚዛኑን ወደ ዴል ያዘነብለዋል፤ ኢንተርፕራይዝ ላይሰንሱ ውስጡ እንዳለ በአይድራኩ ገጽ ላይ ሻጩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ማሽኑ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ሞክሩት። ዋናውን የኔትወርክ ገመድ ንቀሉና የቢኤምሲውን ብቻ ተዉ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አጥፉት። ሌላ ክፍል ሄዳችሁ፣ በቪፒኤኑ ገብታችሁ፣ ማሽኑን አብሩት። ባዮስ ውስጥ ግቡ። አይኤስኦ አስነሱ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሳም ኮንሶሉን አትዝጉ፤ ላይሰንስ የሚጠይቅ ከሆነ የሚጠይቀው እዚያ ላይ ነው።